የጠረጴዛ ላይ ጦርነት በደሴ፦ ትንንሽ ወታደሮችን ቀብቶ ማዋጋት

«የልጆችህ ነው?» እቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ጠረጴዛዬን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። አይ፣ የኔ ነው። የተደረደሩት ወታደሮች ናቸው፤ ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ግማሾቹ ጋሻና ጦር ይዘዋል፣ ግማሾቹ ጠመንጃ ደግነዋል፣ ሦስቱ ደግሞ ገና ቀለም ስላልነካቸው ግራጫ እንደሆኑ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እናቴ እስከ ዛሬ «አሻንጉሊቶችህን አንሳልኝ፣ ቡና ላቀርብ ነው» ትለኛለች።

ነገሩ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የያዘው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው። አንዱ፣ በታሪክ የነበሩ ወታደሮችን አስመስለው የተሠሩ ትንንሽ ምስሎችን መቀባት። ሌላው፣ እነዚያን ምስሎች ተራራና ወንዝ በተሠራለት ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ በማስመሪያና በዳይስ፣ በታወቀ ሕግ ማዋጋት። አንዳንዱ ይቀባል እንጂ አይጫወትም። አንዳንዱ ደግሞ ለመጫወት ሲል ብቻ እየተነጫነጨ ይቀባል። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ነበርኩ፣ ኋላ ግን ተበላሸሁ።

አመጣጡ ከጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1780 ሄልቪግ የሚባል የብራውንሽቫይግ የሒሳብ መምህር ቼዝን ወስዶ ሰሌዳውን አሰፋው፣ ሜዳውንም ተራራ፣ ረግረግ፣ ወንዝ እያለ በቀለም ለየው። የፕሩሲያው ፎን ራይስቪትዝ በ1812 የራሱን ጨዋታ ለንጉሡ አቀረበ። ልጁ ደግሞ መኮንን ነበርና በ1824 ካርታ፣ ዳይስና ዳኛ ያለው ሕግ አወጣለት፤ የፕሩሲያ ጦርም መኮንኖቹን ያሠለጥንበት ጀመር። ወደ ተራ ሰው ቤት የገባው ግን በእንግሊዞች በኩል ነው። ዊልያም ብሪትን የሚባለው አሻንጉሊት ሠሪ ቤት በ1893 ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር (ብረቱን ማለቴ ነው፣ የሚጻፍበትን አይደለም) መሥራት ጀመረ፣ ዋጋውም ወረደ። በ1913 ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በእነዚሁ ወታደሮች ወለል ላይ የሚጫወቱበትን ሕግ አሳተመ። የዌልስ መድፎች የእውነት የእንጨት ስንጥር ይተኩሱ ነበር፤ የተመታው ወታደር ከወደቀ ሞተ ነው። በዓመቱ ትልቁ ጦርነት አውሮፓ ላይ ፈነዳ።

እኛም ዘንድ ቢሆን ባዕድ አይደለም። የድሮ መኳንንት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አንድ የሚገርም ነገር አለው፤ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ወረራ ይባላል። ተራ በተራ የሚሆነው የመጀመሪያው ከተበላ በኋላ ነው። ይህን ሕግ ሰርቀን የራሳችን ጨዋታ ውስጥ ከተነዋል። ሁለት ጎልማሶች ፈረሰኛ ለማስቀደም ጠረጴዛ ላይ ሲሻሙ ማየት ደስ አይልም፣ ግን ይሠራል። ማዕረጎቻችንም ከሰልፍ የወጡ ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት ይሄዳል፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ። ምስሎቹን አንድ ጊዜ ካሰለፍክ ማን የት እንደሚቆም ትምህርት ቤት በቃል ካጠናኸው ይልቅ አይረሳህም።

መጠን ላይ ብዙ አልቆይም። 54 ሚሊ ሜትር የሚባለው ትልቁ ለመደርደሪያ ነው፣ 28 ሚሊ በብዛት ለጨዋታ የሚያዘው ነው፣ 15 እና 6 ሚሊ ደግሞ ትልልቅ ጦርነት ለሚወዱ። ለምን እንደሚያስፈልጉ ሒሳቡን እዩት። አድዋ ላይ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነበረው፣ የእኛ ወገን ወደ 100,000 ይገመታል። አንድ ምስል 50 ሰው ይወክላል ብትል እንኳ ጣሊያን 354፣ ኢትዮጵያ 2,000 ምስል ትፈልጋለች። እኔ በአንድ ማታ ሁለት ነው የምጨርሰው። ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ የአድዋን አንድ ጥግ ብቻ ነው የሠራሁት፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ዳቦርሚዳ ክፍል ሸለቆ ውስጥ ገብቶ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ የወረደበትን። ለሰፈሬ አዳልቼ ነው፣ አልክድም።

አሁን ወደ ቀለሙ። መጀመሪያ ምስሉ ከቅርጽ ማውጫው ይዞት የመጣውን ትርፍ መስመር በምላጭ ትፍቃለህ። በሳሙና ውሃ ታጥበዋለህ፤ ቅባት ካለው ቀለም አይዝም። ከዚያ መደብ ይቀባል፣ ሌላው ቀለም የሚይዝበት የመጀመሪያው ቀለም ማለት ነው። እኔ የመኪና ቀለም ከሚሸጡበት ግራጫ እስፕሬይ ነው የምገዛው። ከዚያ ወዲያ ያለው በብሩሽ ነው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፦ መጀመሪያ ቆዳ፣ ቀጥሎ ልብስ፣ ቀጥሎ ቀበቶና ጋሻ፣ መጨረሻ ብረት። ቀለሙ ቀጭን ይሁን፤ አንድ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ቀጭን ይሻላል። በየእጥፋቱ ውስጥ በደንብ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ታፈስበታለህ፣ ራሱ ወደ ስርጉዱ ወርዶ ጥላ ይሆናል። ሲደርቅ ብሩሹን በጨርቅ ጠርገህ፣ ቀለም የለውም እስክትል ድረስ አድርቀህ፣ ከላይ ከላይ ብቻ ታስነካዋለህ። ያኔ ነው ምስሉ ነፍስ የሚዘራው።

ሁለት ነገር ግን የውጭ መመሪያ አይነግርህም። አንደኛ ፊት። ብዙዎቹ መመሪያዎች የሮዝ ፊት አቀባብ ነው የሚያስተምሩት። ለእኛ ሰው ቡናማ ላይ የቢጫ አፈር ቀለምና ጠብታ ቀይ ጨምር። ለማጥቆር ብለህ ጥቁር አትደባልቅ፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሁለተኛ ሸማ። ነጭ ልብስ በነጭ ቀለም አይቀባም። በግራጫማ ክሬም ትጀምራለህ፣ ነጩን ለእጥፋቱ ጫፍ ብቻ ታስቀምጣለህ። መጀመሪያ የቀባኋቸው አሥር አርበኞች ጀሶ የተለሰኑ ነበር የሚመስሉት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ፈረሰኛው ነው። አሥራ ሁለት የወሎ ፈረሰኞች ከአውሮፓ ፈረሰኛ ምስል ለውጬ ሠራሁ፤ ጫማቸውን ፍቄ ባዶ እግር አደረግኋቸው፣ ሸማ ከሱፐር ግሉና ከሶፍት ወረቀት አለበስኳቸው፣ ጋሻ ጨመርኩላቸው። አንድ ጎረቤታችን ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን አነሱና ትንሽ አይተው፣ «ፈረሱ ደህና ነው። ሰውዬው ግን የፈረንጅ ልጅ ነው» አሉኝ። ለምን ስላቸው እግሩን አሳዩኝ። የእኛ ሰው በባዶ እግሩ ሲጋልብ እርካቡን የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ቀለበቷ ትንሽ ናት፣ ሙሉ እግር አይገባባትም። የኔዎቹ ግን እግራቸውን እስከ መሐሉ አስገብተው ተቀምጠዋል። ሃያ አራት እግር ቆርጬ እንደገና ሠራሁ። ስለ ሰገሌ ጦርነት ስንት አንብቤ ይህችን አላወቅኋትም ነበር። ምስል እንዲህ ነው፤ መጽሐፍ ሊዘለው የሚችለውን ቦታ አንተ ባዶ ትተህ ማለፍ አትችልም፣ ቀለም የሌለው እግር ያስታውቃል።

ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ውድ ነው፣ ግን አብሽሩ፣ አብዛኛው እዚሁ አለ። ምስሉ የሚቆምበት ቆርኪ ነው፤ ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፣ ቆርኪ አይቸግርም። አፈሩ የደረቀ የቡና አተላ ነው (በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ሠራዊቴ አንድ ክረምት ጸጉር አብቅሏል)። ገለባው የጤፍ፣ አሸዋው የቦርከና። ሁሉንም የሚይዘው አናጺ የሚጠቀምበት ኮላ ነው። ተራራ የሚሠራው ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ነው። ፎም ላይ እስፕሬይ እንዳትነፉ ብቻ። ያንን ሳላውቅ አንድ ሳምንት የቀረጽኩትን የጦሳን ተራራ በአንድ ደቂቃ አቅልጬዋለሁ።

ሌላው ጣጣ አየሩ ነው። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ክረምት ላይ ጉሙ መስኮት ድረስ ይመጣል። ቫርኒሽ እርጥብ አየር ላይ ከተነፋ ነጭ አመዳይ ይሠራና ስንት ማታ የለፋህበትን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም የቀባኋቸውን የጫማ ካርቶን ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በጠመዝማዛው ወደ ኮምቦልቻ አወርዳቸዋለሁ። እዚያ ሞቅ ይላል። ጓደኛዬ ግቢ እንነፋቸዋለን፣ ምሳ በልተን እስክንጨርስ ይደርቃሉ። አንዴ ተሳፋሪ አጠገቤ ሆና «ጫጩት ነው?» ብላኛለች።

ጨዋታው ራሱ ከባድ አይደለም። እግረኛ በአንድ ተራ ለምሳሌ 15 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፣ ፈረሰኛ እጥፉን። ተኩስ በርቀት ይለካና የሉዶ ዳይስ ይጣላል፣ የተመታው ይነሳል። ብዙ ሰው የጎደለበት ክፍል ደግሞ ይቆማል ወይስ ይሸሻል የሚለው በዳይስ ይታያል። ጦርነት የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ሞቶ ሳይሆን ይህን ፈተና ወድቆ ነው።

ከባዱ ፍትሐዊ ማድረጉ ነው። መቅደላ የወሎ ምድር ናትና እሷን መሞከራችን አልቀረም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 አሮጌ በሚባለው ቦታ የቴዎድሮስ ሠራዊት ወደ ታች ወርዶ ከእንግሊዙ ጄኔራል ከናፒየር ጦር ጋር ገጠመ፤ እንግሊዞቹ ስናድር ይዘዋል፣ በደቂቃ እስከ 10 ጥይት የሚተኮስበት ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ። ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያ ወደቁ፣ የእኛ ሙት ወደ 700 ይጠጋል፣ የእንግሊዝ 2 ነው። እንዲህ ያለውን እንዳለ ብትጫወተው አንዱ ሰው ቁጭ ብሎ ምስል ሲያነሳ ነው የሚውለው። ስለዚህ ማሸነፊያውን ለየብቻ አደረግነው፦ የገብርዬ ተጫዋች ከስንቅ ተሸካሚዎቹ ደርሶ አንዱን ከነካ አሸነፈ። እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ተሳክቷል።

ለጠረጴዛ የሚመቸው የቅርቡ ነው። ሚያዝያ 1933 ከአዲስ አበባ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣሊያንን ከኮምቦልቻ በላይ ካሉት ከፍታዎች አስለቅቆ ደሴ ገባ። ዛሬ በሚኒባስ የምንወጣው ዳገት ነው። መሬቱን ለመቅረጽ ካርታ አላስፈለገንም፣ መስኮት ዳር መቀመጥ በቃ።

በ2014 ጦርነት ራሱ ሁለቱም ከተሞች ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል ብሩሽ አላነሳሁም። አሁንም ያልተጻፈ ሕግ አለን፣ ሐዘንተኛው በሕይወት ያለበትን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ አናወጣም።

ሰገሌ ግን ይወጣል፣ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ። ንጉሥ ሚካኤል (የአድዋው ራስ ሚካኤል) ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደምስሰው ቀናት ቆዩ፣ ሸዋ በመሐሉ ሠራዊት ሰበሰበ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ድል ሆነው ተማረኩ። ደሴ ውስጥ ለሸዋ የሚጫወት ሰው አይገኝም፤ በዕጣ ነው የሚወጣው፣ ዕጣው የወጣበትም ቡና ይከፍላል። አምና «ባይቆዩስ ኖሮ?» ብለን ወሎን ከቶራ መስክ በማግስቱ አስነሳነው። የአይጠየፍን አዳራሽ ከካርቶን ሠርቼ ለድሉ ግብር አዘጋጅቼ ነበር። ፈረሰኞቼ፣ እነዚያ እግራቸው የታረመው፣ የመጀመሪያውን ፈተና በተከታታይ ሦስት ጊዜ አንድ ጥለው ሸሹ። ቡናውን ግን ሸዋ ከፈለ።