አጭር የጉብኝት ዕረፍት በሮም

ሮም የሁለት ሺህ ዓመት ግንብ፣ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያንና የባሮክ ዘመን አደባባይ በአንድ ሰፈር ተደራርበው የሚታዩባት የጣሊያን ዋና ከተማ ናት። የጥንቱ ማዕከል ከቲበር ወንዝ በስተ ምሥራቅ ሲሆን ቫቲካን ከወንዙ ማዶ ነው። ዝነኞቹ ስፍራዎች በእግር ስለሚደረስባቸው ሦስት ወይም አራት ቀን ያለው ሰው ብዙ ያይባታል፤ ዕቅዱን የሚወስነው ግን የትኛው ቦታ በየትኛው ቀን ዝግ እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሊያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው የሼንገን ቪዛ የሚያስፈልገው ተጓዥ ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይችላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ግን 15 ቀን ሲቀረው ማስገባት አለበት። የጉዞ ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ይኖርበታል። ለጉብኝት የሚመቹት ኤፕሪል፣ ሜይና ኦክቶበር ናቸው። ኦገስት ሙቀቱ ይከብዳል፤ በወሩ 15ኛ ቀን በሚከበረው በዓል ሰሞንም ብዙ ትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ።

ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ የተባለ ባቡር መንገድ ላይ ሳይቆም በግማሽ ሰዓት ገደማ ተርሚኒ ጣቢያ ይደርሳል። ጊዜው አጭር ለሆነ ሰው ትንሽ ጨምሮም ቢሆን ፓንቴዎን በሚባለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ አካባቢ ወይም ከኮሎሲየም (ከጥንቱ ክብ የትርዒት ስታዲየም) አጠገብ ባለው የሞንቲ ሰፈር ማረፍ ይሻላል፤ በየቀኑ በትራንስፖርት የሚባክነው ሰዓት ይተርፋል።

ኮሎሲየምን ያስጀመረው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ሲሆን ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. አስመረቀው። ትኬቱ የሮማን ፎረምን (የጥንቷን ከተማ ማዕከላዊ አደባባይ) እና የፓላታይን ኮረብታን ይጨምራል። የጎብኚው ስም ስለሚጻፍበት ሲገዛ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሞላት አለበት። ሰኞ ብዙ የመንግሥት ሙዚየሞች ስለሚዘጉ ኮሎሲየምን ለዚያ ቀን ማዋል ብልህነት ነው። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መግቢያው ነጻ ነው፤ ሰልፉ ግን ቀኑን ስለሚበላ ለአጭር ጉዞ አያዋጣም።

የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ናቸው። ማይክል አንጀሎ ከ1508 እስከ 1512 ጣሪያውን የሣለበት የሲስቲና ጸሎት ቤት የሚታየው በእነሱ በኩል ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግን ግዴታ ነው። ረቡዕ ጠዋት የሮማው ጳጳስ በአደባባዩ ሕዝብ የሚቀበሉበት ስለሆነ ለባዚሊካው ሌላ ቀን ይመረጥ። የቦርጌዜ ቤተ ሥዕል ያለ ቀጠሮ አያስገባም፤ የሚፈቀደውም የሁለት ሰዓት ቆይታ ብቻ ነው። እዚያ የባሮክ ዘመኑ ቀራፂ በርኒኒ የሠራው የአፖሎና የዳፍኔ ሐውልት አለ፤ በጥንቱ ተረት አፖሎ የተባለው አምላክ ሲያሳድዳት ዳፍኔ ወደ ዛፍ ትለወጣለች፤ የልጅቷ ጣቶች ወደ ቅጠል ሲለወጡ እብነ በረዱ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስቷል። ለዚህ ሐውልት ብቻ እንኳ ቀጠሮ መያዝ አይቆጭም።

ጊዜ ሰጥቶ ሊታይ የሚገባው ፓንቴዎን ነው። በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን የተሠራው ጉልላት ስፋቱም ከወለሉ ያለው ከፍታም 43 ሜትር ያህል ሲሆን ብረት ያልገባበት የኮንክሪት ሥራ ነው። ግንበኞቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ቀላል ድንጋይ እየቀላቀሉ ክብደቱን ቀነሱት። አናቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ መስታወት የለውም። ፀሐይ ስትገባ የብርሃኑ ክብ ቀስ እያለ በግድግዳው ላይ ይሄዳል፤ ዝናብ ሲመጣም ወለሉ ላይ ይዘንብና መሐሉ በትንሹ ከፍ ያለው ንጣፍ ውኃውን ወደ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያወርደዋል። ሕንጻው በ609 ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ከመፍረስ ተረፈ። ሠዓሊው ራፋኤል የተቀበረው እዚህ ነው፤ በዓድዋ ጦርነት ጊዜ የጣሊያን ንጉሥ የነበረው ቀዳማዊ ኡምቤርቶም እንዲሁ።

በየመንገዱ ያሉት የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ስለሚያወርዱ ባዶ ጠርሙስ መያዝ ይበቃል። የስፔን ደረጃ በሚባለው ስፍራ መቀመጥ ግን ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል።

የኢትዮጵያ አሻራም በከተማዋ አለ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች የሚባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በግዕዝ የተዘጋጀውን አዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 ሮም ውስጥ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን ይኖሩ የነበረው በዚሁ ቤት ነው። ቦታው በቫቲካን አጥር ውስጥ ስለሆነ እንደ ልብ አይገባበትም። ፖርታ ካፔና አደባባይ ደግሞ የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 ቆሞበት የነበረ ስፍራ ነው፤ ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው። አደባባዩ በሜትሮ ቢ መስመር ከኮሎሲየም አንድ ፌርማታ ብቻ ስለሚርቅ በዚያው ቀን መጎብኘት ይቻላል።