ኦፕን ስታንዳርድ እና ኦፕን ሶርስ አንድ አይደሉም

ድሬዳዋ ውስጥ ድረ ገጽ መሥራት የሚማሩ ልጆች ሁለቱን ቃላት ሲያቀላቅሉ እሰማለሁ። ቢለዩላቸው ብዙ ድካም ይቀርላቸዋል።

ከዚራ ያለውን የድሮ ባቡር ጣቢያ አስቡት። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር። ስፋቱ ስምምነት ነው። ማንም ይሥራው ማን፣ መንኮራኩሩ ስፋቱን ካልጠበቀ ባቡሩ አይሄድም። ኦፕን ስታንዳርድም እንዲሁ ነው። ኤችቲቲፒ (ኮምፒውተሮች በድር ላይ መረጃ የሚለዋወጡበት መንገድ) ወይም ጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) ፕሮግራም አይደለም። ማንም በነፃ አንብቦ የሚሠራበት ደንብ ነው።

ኦፕን ሶርስ ደግሞ የሞተሩን ንድፍ፣ ማለትም የፕሮግራሙን ኮድ፣ ማግኘት ማለት ነው። ከፍታችሁ ታያላችሁ፣ ትቀይራላችሁ፣ ለሌላም ትሰጣላችሁ። ፓይተን እና እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ፒኤችፒ የሚባሉት የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች እንዲህ ናቸው።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያለ ሱቅ የዕቃ ዝርዝሩን በፒኤችፒ ቢያሠራ፣ ዕቃ አድራሹ ደግሞ በፓይተን ቢያሠራ ችግር የለም። በኤችቲቲፒ ጄሰን ከተላላኩና በመረጃዎቹ ስም ከተስማሙ ይግባባሉ። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው!

አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል። የአፕል ድር ማሰሻ የሆነው የሳፋሪ ኮድ ሙሉ በሙሉ ክፍት አይደለም፤ የድረ ገጽ መጻፊያ ስታንዳርድ የሆነውን ኤችቲኤምኤልን ግን አሳምሮ ያነባል።