ሥሩ የሚበሳው ከጎኑ ነው፦ ስለ መንጋጋ ጥርስ ቦይ ማስፋት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የወረደ ሰው ተሳቢ መኪና ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን አይቷል። የፊት ጎማው መንገዱን ይዞ ሲዞር የኋላው ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይቆርጣል። በጠማማ የጥርስ ሥር ውስጥ የሚገባ ፋይልም (ነርቭ ያለበትን ቦይ የሚሞርድና የሚያሰፋ ቀጭን መሣሪያ) እንዲሁ ነው፤ መቃናት ስለሚፈልግ መሐል ላይ የኩርባውን ውስጠኛ ግድግዳ ይፍቃል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የውጪውን። እዚህ ደሴ ከታካሚም፣ አዲስ ተመርቀው ከሚመጡ ባልደረቦችም ስለዚህ ጉዳይ የምሰማቸው ጥቂት የተሳሳቱ ነገሮች አሉ።

«ሥሩ የሚበሳው ፋይሉ ጠልቆ ሲገባ ነው»

ጫፉን መፍራት ተገቢ ነው። የታችኛውን የመጀመሪያ መንጋጋ ስሠራ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጎኑ ነው።

ይህ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥር አለው፤ የፊተኛውና የኋለኛው። በፊተኛው ሥር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ጠባብና ጠማማ ቦዮች ይገኛሉ። የዚህ ሥር ጀርባ፣ ማለትም ሥሮቹ እንደ ባላ ወደሚለያዩበት የዞረው ጎኑ፣ ጎድጎድ ያለ ነው። ከባላው ጥቂት ዝቅ ብሎ በቦዩና በሥሩ ውጫዊ ገጽ መካከል ያለው ዴንቲን (የጥርሱ ጠንካራ አካል) 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። በሙያው አደገኛው ቀጠና ይሉታል።

ሒሳቡን እንሥራው። ቦዩ 0.3 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው እንበል። ጌትስ ግሊደን የሚባለው በሞተር የሚዞር መሰርሰሪያ ቁጥር 4ቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 0.8 ነው፤ መሣሪያው መሐሉን ይዞ ቢወርድ ከየጎኑ 0.4 ይወስዳል። ነገር ግን መሐሉን አይዝም፣ ወደ ባላው ያዘነብላል። 0.8ቱን በሙሉ ከዚያ ወገን ከወሰደ ከ1 ሚሊ ሜትሩ የሚተርፈው 0.2 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጠንከር ብሎ የሚያልፍ ፋይል ግድግዳውን ይጨርሰዋል። የሚፈጠረው ቀዳዳ ክብ አይደለም፤ ረዘም ብሎ የተተለተለ ነው። ለመድፈን የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በእነዚህ ቦዮች ከጌትስ ግሊደን ቁጥር 2፣ ማለትም ከ0.7 ሚሊ ሜትር፣ አላልፍም፤ እሱንም ከቦዩ አፍ ብዙ አላወርደውም። ከሁሉ አስቀድሜ አፉ ላይ የተንጠለጠለውን የዴንቲን ከንፈር አነሳለሁ፤ እሱ ካልተነሳ ፋይሉን ወደ ባላው እየገፋ ያስገባዋል። ፋይሉን ስጎትትም ከባላው አርቄ፣ ወደ ፊት ጥርሶቹ አስደግፌ ነው። የጥርስ ሐኪሞቹ እነ አቡ-ራስ ይህን አሠራር በ1980 ከጻፉት ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተለውጧል፣ የሥሩ ቅርጽ ግን ያው ነው።

«ራጁ ላይ ሥሩ ወፍራም ስለሆነ አያሰጋም»

ራጁ እዚህ ላይ ያታልላል። የፊተኛው ሥር አግድም ሲቆረጥ ወገቡ የቀጠነ ስምንት ቁጥር ይመስላል። ጨረሩ ከጉንጭ ወደ ምላስ ስለሚያልፍ የስምንቱ ሁለት ሆዶች ተደራርበው ወገቡን ይሸፍኑታል፤ ፊልሙ ላይ የሚታየው የሆዶቹ ስፋት ነው። ለማያምነኝ ባልደረባ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የተነቀለ የታችኛ መንጋጋ ፈልግ፣ ከባላው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብለህ በዲስክ ቁረጠውና እየው። በነገራችን ላይ የላይኛው መንጋጋ የፊተኛው የጉንጭ ሥርም ተመሳሳይ ጉድጓድ አለው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቦይ ይደብቃል፤ ያንን ፍለጋ ሲቆፍር የጥርሱን ውስጠኛ ወለል የሚበሳም አለ።

«ኒኬል ታይታኒየምና ሞተር ካለ ሐሳብ የለም»

የሞተር ፋይሎች የሚሠሩበት ይህ ብረት በእርግጥ ተለማጭ ነው፣ ኩርባውንም ከብረት ፋይል በተሻለ ይከተላል። ግን ውፍረቱን አስሉት። የተለመደው የእጅ ፋይል በየ1 ሚሊ ሜትሩ 0.02 ይወፍራል፤ ጫፉ 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነው ቁጥር 25 ከጫፉ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ 0.45 ነው። በየ1 ሚሊ ሜትሩ 0.06 የሚወፍር የሞተር ፋይል በዚያው ቁጥርና በዚያው ቦታ 0.85 ይደርሳል። ያ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ አደገኛው ቀጠና አጠገብ ነው። ቀድሞ በቁጥር 10 እና 15 የእጅ ፋይል መንገድ ያልተጠረገለት ሞተርም ወይ ይሰበራል፣ ወይ የራሱን መንገድ ያወጣል።

«ብዙ ያሰፋ ብዙ ያጸዳል»

ፋይል የሚነካው የግድግዳውን ከፊል ብቻ ነው። የቀረውን የሚያጸዳው ፈሳሹ፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ከቤት በረኪና ጋር ዘሩ አንድ ነው። ማስፋት የሚያስፈልገው ፈሳሹ እስከ ታች እንዲደርስ ያህል ነው።

«ደም ከታየ ተበስቷል»

የግድ አይደለም፤ የተረፈ ነርቭም ይደማል። የሚያስጠረጥረው ሌላ ነው። ቦዩ የሚደርቅበት የወረቀት ዘንግ ጫፉ ንጹሕ ሆኖ ወገቡ ላይ በአንድ ጎን ደም ይዞ ሲወጣ፣ የቦዩን ርዝመት የሚለካው መሣሪያ፣ አፔክስ ሎኬተሩ፣ ፋይሉ ገና ብዙ ሳይወርድ የሥሩ ጫፍ ደረሰ ሲል፣ ደንዝዞ የነበረ ሰው ድንገት ሲዘል። ያኔ በረኪናው ወዲያው ይቁም፤ በቀዳዳው ካለፈ አጥንትና ሥጋ ያቃጥላል፣ ፊትም ያሳብጣል።

«ከተበሳ መንቀል ነው»

ከዓመታት በፊት በገዛ እጄ ነው የበሳሁት። ታካሚዬ ለነበሩት እናት ስነግራቸው «ከተበሳማ ምን ይሠራል ልጄ፣ ንቀልልኝና ልረፍ» አሉ። «አብሽሩ እማማ» ብዬ ያለውን ነገርኳቸው። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ፣ ከድድ ጠርዝ ርቆ በአጥንት ከተከበበና ጀርም ሳይገባበት ቶሎ ከተዘጋ ጥርሱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ለድድ የቀረበ፣ ረዥምና የቆየ ከሆነ ግን ተስፋው ይመነምናል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለዚህ የሚያገለግል ኤምቲኤ የሚባል ሲሚንቶ መሰል ማሸጊያ አለ፤ እርጥበት ባለበትም ይጠነክራል። የእሳቸው በዚያው ቀን ተደፈነ፤ ጥርሱም በኋላ ዘውድ ተደረገለት። ዓመት ሲሞላ በራጅ አየነው፤ ባላው ላይ ያለው አጥንት ደህና ነበር።