ሊደርሺፕ በሰርተፍኬት አይመጣም፣ እና ሌሎች ጊቢ ውስጥ የሰለቹኝ ወሬዎች

በቀደም አንድ የሁለተኛ ዓመት ልጅ «መምህር ሲቪዬን ይዩልኝ» ብሎ ቢሮ መጣ። ሰባት የሊደርሺፕ ሰርተፍኬት። ሰባት! «እሺ ምን መርተህ ታውቃለህ?» ስለው ዝም። ሁለት ሁለት ቀን አዳራሽ ቁጭ ብሎ ሚሪንዳ ጠጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ፣ በቃ። «ዶርማችሁ ውሃ ሲጠፋ ማነው ሚቀዳው?» አልኩት። ለካ ለስድስቱም ተራ ያወጣው እሱ ራሱ ነው፣ የሚለግመውን ጀሪካን አስይዞ የሚልከውም እሱ። «ታዲያ ይሄን ሲቪህ ላይ አትፅፍም?»

«ሊደር ማለት አፍ ያለው ነው»

ከሁሉም ሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንድ ዓመት የጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ኮሚቴ አማካሪ ነበርኩ። ተማሪው ያው እንደተለመደው መድረክ ላይ ሚያስቀውን፣ ማይክ ከያዘ ማይለቀውን ልጅ ሰብሳቢ አርጎ መረጠ። ለመፅሔትና ለቲሸርት ብር ይሰበሰባል፣ ልጁ ከዚህ ዶርም ትንሽ ከዚያ ዶርም ትንሽ እየተቀበለ ኪሱ ይከታል፣ ማተሚያ ቤት ቀብድ ይከፍላል ደረሰኝ የለም፣ ጓደኛው ቸገረኝ ሲለው ያበድራል። ሌባ አልነበረም፣ ይሄን አስምሩበት። እምቢ ማለትና መፃፍ ነው ያቃተው። ብሩ ሲጎድል ስልኩን ዘጋ፣ ካፌ መግባት ተወ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዶርም አይወጣም። እኔ ጋ ሲመጣ ከስቶ ሌላ ሰው ሆኗል።

ኮሚቴው ውስጥ ስብሰባ ላይ ድምጿ ማይሰማ ልጅ ነበረች። የሷን ሴክሽን ማን ከፈለ ማን ቀረ፣ ቀኑን ሳይቀር ደብተር ላይ ፅፋ ይዛለች። እሷ ናት ልጁን ቁጭ አርጋ «ጎድሏል በላቸው፣ ነገ ሳይሆን አሁን» ያለችው። ግሩፑ ላይ ዝርዝሩን ፖስት አረገ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሰድቡት ዋሉ፣ በማግስቱ ቲሸርቱ ይቅር ብለው ተስማሙ፣ ያበደረውንም ቀስ እያለ ሰበሰበው። በሳምንቱ ካፌ ሰልፍ ላይ ትሪ ይዞ አየሁት።

ስለዚ ሰብሳቢ ስትመርጡ ደብተር ያለውን ፈልጉ። ብር ምትይዙ ደግሞ አካውንቱን በሁለት ሰው ፊርማ ክፈቱ፣ የገባ የወጣውን በየሳምንቱ ግሩፑ ላይ ለጥፉ፣ ያቃታችሁን ነገር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተናገሩ። መናገሩ ነው እኮ ከባዱ፣ የትኛውም ትሬኒንግ ላይ ሲያለማምዱት አላየሁም።

«ካውንስለር ጋ ሚሄደው ጨርቁን የጣለ ነው»

ኧረ በፈጠራችሁ! እኔ ከላኳቸው ውስጥ አብዛኞቹ ቤታቸው የናፈቃቸው ፍሬሾች፣ ያልመረጡት ዲፓርትመንት የደረሳቸው፣ ኤዲ (በውጤት መባረር) የፈሩ፣ ፍቅረኛ የተለያቸው ናቸው። ያ የኮሚቴው ልጅም በመጀመሪያው ሳምንት ሄዶ ቢሆን ሦስት ሳምንት ኮርኒስ ሲያይ ባልከረመ።

«ለኤግዚት ሌሊቱን ማደር ነው»

ኤግዚት፣ ያው የመውጫ ፈተናው፣ ከ2015 ጀምሮ አለ፣ ማለፊያው 50 ፐርሰንት ነው፣ የአራትና የአምስት ዓመት ትምህርት ደሞ በአንድ ሳምንት ምርቃና አይገባም። ጭንቅላታችሁ ያነበባችሁትን ሚያደላድለው ስትተኙ ነው። ጫቱ ሲበርድ ድብርቱ ይመጣል፣ እሱን ለመስበር ጨብሲ፣ ከዛ ፈተና ክፍል ገብቶ ጥያቄውን ማፍጠጥ። ተኙ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኙ።

«ሳይኮሎጂና ሲቪክ ግሬድ ማሳደጊያ ናቸው»

ፍሬሽማን ኮርስ በ2012 ሲመለስ እነሱም የገቡት በምክንያት ነው፣ ሀንድአውቱን አንዴ ለኤ ሳይሆን ለራሳችሁ አንብቡት።

«ሰቃይ ከሆንክ ሌላው ትርፍ ነው»

ሰቃይ የምትሉት፣ ፎር ፖይንት ይዞ ኢንተርቪው ላይ ስለራሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያቃተው አውቃለሁ።

«ፀባይ ከቤት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ አይቀይረውም»

ከቤት ይዛችሁ መምጣታችሁ እውነት ነው። ግን እዚህም በየቀኑ ትለማመዱታላችሁ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም። ግሩፕ አሳይመንት ላይ ምንም ሳይሰራ «ስሜን ጨምሩኝ» የሚለው ልጅ አንደኛ ዓመት ላይ አፍሮ ነው ሚለምናችሁ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን «ስሜ የታለ?» ብሎ ይቆጣችኋል። ያስለመዳችሁት እናንተው ናችሁ። እኔ ጋ መጥታችሁ ከምታለቅሱ ስሙን ሰርዙት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው ሚያኮርፋችሁ።