የከመነዳሪ ቁንጥጫ ምንድን ነው?

የትራክተር ጎማ በገዛ እጁ የቀየረ ሰው ብሎኖቹን አጥብቆ፣ ክሪኩን አውርዶ ካደረ በኋላ በማግስቱ ጎማው ተንፍሶ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሾህን ወይም ሚስማርን ነው። ከመነዳሪው (ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው የላስቲክ ቱቦ) ወጥቶ ሲታይ ግን ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚገኘው መሬት በሚነካው በኩል ሳይሆን በቸርኬው በኩል ነው። ቅርጹም ሚስማር እንደሚበሳው ክብ ሳይሆን ጥፍር ያረፈበት የሚመስል አጭር ስንጥቅ ነው፤ አንዳንዴም ሁለት ስንጥቆች ጎን ለጎን ይታያሉ። ቁንጥጫ የሚባለው ይህ ነው፤ ከመነዳሪው በጎማው ጠርዝና በቸርኬው መካከል፣ ወይም በማውለቂያው ብረት ጫፍና በቸርኬው መካከል ተይዞ የሚደርስበት ጉዳት ማለት ነው። ጥፋቱ የገጣሚው እንጂ የመንገዱ ወይም የእርሻው አይደለም።

ቁንጥጫ የሚደርሰው በአብዛኛው ሁለተኛው የጎማው ጠርዝ ወደ ቸርኬው በሚገባበት ሰዓት ነው። ምንም አየር የሌለው ከመነዳሪ ተጨማድዶ ጠርዙ ሥር ስለሚተኛ ብረቱ በቀላሉ ያገኘዋል፤ በጣም የተነፋው ደግሞ ጎማውን ሞልቶ ራሱ ብረቱ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ያህል ብቻ፣ ጎማው ውስጥ ልል ሆኖ እንዲቀመጥ ትንሽ አየር ይሰጠዋል። ላዩ ላይ ታልክ ዱቄት መነስነስ ከጎማው ጋር እንዳይጣበቅና በነጻነት እንዲንሸራተት ይረዳዋል። ለጠርዙ የሚቀባው የሳሙና ውኃ ነው፤ ግራሶና የሞተር ዘይት ላስቲክን ስለሚያበላሹ እጅ ላይ የተገኘው እሱ ብቻ ቢሆን እንኳ ባይነካ ይሻላል።

ብረቱን በኃይል መጫን እንደ ጉልበት ማሳያ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ኃይል ያስፈለገው በሌላኛው ወገን ያለው ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ስላልወረደ ነው። ተንበርክከውበት ወይም በእግር ተጭነውት ከወረደ፣ በብረቱ በኩል ያለው ጠርዝ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱን ጠርዙን ለመያዝ ከሚያስፈልገው በላይ ወደ ውስጥ ሳያስገቡ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያሉ መሄድ ይቻላል። የቫልቩ አካባቢ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፦ የቫልቩ ዳዶ ጥቂት ጥርስ ብቻ ይያዝና ቫልቩ በጣት ወደ ውስጥ ገፋ ይደረጋል፤ ያኔ ሥሩ ያለው ወፍራም ላስቲክ ከጠርዙ ሥር ይወጣል። ዳዶው ቀድሞ ከጠበቀ ያ ላስቲክ እዚያው ተቆንጥጦ ይቀራል።

ጠርዞቹ ከገቡ በኋላ ያለውን አንድ እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል። ጎማው ጠርዞቹ ቦታቸውን እስኪይዙ ይነፋል፤ ቀጥሎ የቫልቩ ውስጠኛ መርፌ ተፈትታ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ከዚያ እንደገና ይነፋል። በመጀመሪያው ንፊት ከመነዳሪው አንዳንድ ቦታ ተለጥጦ፣ አንዳንድ ቦታ ታጥፎ ስለሚያዝ፣ አየሩ ሲወጣ ይለቀቅና በሁለተኛው ንፊት እኩል ይዘረጋል። ታጥፎ የቀረ ከመነዳሪ ወዲያው አይተነፍስም፤ እጥፋቱ እርስ በርሱ እየተፋተገ ቆይቶ ይቀደዳል። ጠርዝ ለማስያዝ ሲባል ግን ከ35 ፒኤስአይ (2.4 ባር ገደማ) የአየር ግፊት ማለፍ አደገኛ ነው፤ ጠርዙ ያልገባ እንደሆነ አየሩን አውጥቶ ሳሙና መጨመር እንጂ መንፋትን መቀጠል አይገባም። ነፊውም ረጅም ቱቦ ይዞ ከጎማው ፊት ገለል ብሎ መቆም አለበት።

ሁሉም ቀዳዳ ቁንጥጫ ነው ማለት አይደለም። ከመነዳሪው ከቫልቩ ሥር የተቀደደ እንደሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፦ የኋላ ጎማ አየሩ ሲያንስ በከባድ ጉተታ ጊዜ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ጎማው ከመነዳሪውን ይዞ ሲዞር ቫልቩ በቸርኬው ቀዳዳ ታስሮ ይቀራልና ከሥሩ ይገነጠላል። ይህ በልጣፍ አይድንም። ቀዳዳው በውጭኛው በኩል ከሆነ ደግሞ ጎማው ውስጥ የቀረ እሾህ ሊኖር ይችላል፤ ባዶ እጅን ከማሳለፍ ይልቅ ጨርቅ በውስጥ ዙሪያውን ቢያዞሩ እሾሁ ጨርቁን ይይዘዋል።

ትንሽ ቁንጥጫ ግን ይለጠፋል። ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፤ ማስቲሹ በስሱ ይቀባና ሲነካ ጣት ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ልጣፉም ከመሃል ወደ ዳር እየተጫነ ይያዛል። ስንጥቁ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም የሚሸፍን አንድ ሰፊ ልጣፍ ይመረጣል። ከመነዳሪው ከመመለሱ በፊት ቸርኬውን በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ያስፈልጋል፤ የተላጠ ዝገት ልክ እንደ ብረቱ ጫፍ ይቆርጣል።

በመጨረሻው ንፊት ላይ የሚታዩ ሁለት ምልክቶች አሉ። በጎማው ጎን ላይ ከጠርዙ በላይ የሚዞረው ቀጭን መስመር ከቸርኬው በዙሪያው እኩል መራቅ አለበት፤ ቫልቩም በቀዳዳው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቫልቩ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ እንደሆነ ከመነዳሪው ውስጥ ተጎትቷል፤ ያን ጊዜ ትራክተሩ ከክሪኩ ሳይወርድ አየሩን አውጥቶ ጠርዙን ማላቀቅና ማስተካከል ነው።