ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ

በጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ላይ የመሣሪያችንን ቦታ በበሽተኛው ምስል ላይ የሚያሳየን የናቪጌሽን ስክሪን «1.2 ሚሊ ሜትር» ሲል ቀዶ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዘና ይላል። «ስህተታችን 1.2 ብቻ ነው» ይባላል። አይደለም! ደጋግሜ ብናገርም በየዓመቱ አዲስ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) ይህንኑ አባባል ይዞ ይመጣል።

ናቪጌሽኑ በሽተኛውን ከሲቲ ወይም ከኤምአርአይ ምስሉ ጋር ያዛምዳል። ሬጅስትሬሽን የምንለው ይህንን ነው። አጥንት ላይ ብሎን መትከል ካልፈለግን ቆዳ ላይ ማርከር፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚታይ ትንሽ ምልክት፣ እንለጥፋለን፤ ወይም ፊትን በሌዘር እንቃኛለን። ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር የነካናቸው ነጥቦች ከምስሉ ነጥቦች ጋር ምን ያህል እንደገጠሙ ነው። ዕጢው ጋ ስንደርስ ምን ያህል እንደምንስት አይናገርም። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው ማይክል ፊትዝፓትሪክ በ2009 ሁለቱ ስህተቶች እንደማይዛመዱ በሒሳብ አሳይቷል። ማርከሮቹ ከቆዳው ጋር አብረው ወደ አንድ ጎን ቢሸሹ እርስ በርስ በደንብ ይገጥማሉ። ቁጥሩም ያምራል። ስክሪኑ ጫፉን የሚከታተለው በእጅ የሚያዘው ጠቋሚ ግን ቦታውን ስቷል።

ርቀትም አለ። ማርከሮቹ ሁሉ ግንባር ላይ ሆነው ዕጢው ከኋላ፣ ትንሹ አንጎል ላይ ከሆነ አደጋ ነው። በር ማጠፊያው ጋ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ጫፉ ብዙ ይሄዳል፤ ይህም እንደዚያው ነው። አንድ ሬዚደንት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቁጥር አሳይቶኝ «እንጀምር» አለኝ። ጠቋሚውን ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ላይ አስነካሁት። ስክሪኑ ጫፉን አየር ላይ አሳየው። ሬጅስትሬሽኑን ከመጀመሪያው ደገምነው።

ስለዚህ ማርከሮቹን በጭንቅላቱ ዙሪያ በትኑ፤ በአንድ መስመር አትደርድሯቸው፤ ጥቂቶቹ ወደ ዕጢው ይቅረቡ። ዙሪያቸውን በማይለቅ እስክሪብቶ ክበቡ፣ አንዱ ቢወድቅ ቦታው ይታወቃል። በሽተኛውም ሌሊቱን እንዳይነቅላቸው ንገሩት።

«ሌዘር ዘመናዊ ስለሆነ ይበልጣል» የሚሉም አሉ። ሌዘር የሚያነበው ፊትን ነው። ዕጢው ከፊት ከሆነ ጥሩ ይሠራል። በሽተኛው በሆዱ ከተኛ ግን ፊቱን ማግኘት ራሱ ችግር ነው።

«ቆዳ የት ይሄዳል?» ይሄዳል እንጂ። ኤምአርአይ ውስጥ የጆሮ መከላከያው ይጫነዋል፤ ቀዶ ክፍል ደግሞ የጭንቅላት መያዣው ፒን ይስበዋል።

«አንዴ ከገጠመ አለቀ» የሚለውም ስህተት ነው። የአንጎል ሽፋን ተከፍቶ ፈሳሹ ሲፈስ አንጎሉ ይሰጥማል፤ አንዳንዴም ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ። ይህን የትኛውም ሬጅስትሬሽን አያስቀረውም። ማጣቀሻው (ማሽኑ የጭንቅላቱን ቦታ የሚከታተልበት፣ ከጭንቅላት መያዣው ጋር የሚታሰር ምልክት) ላይ ሰው ሲደገፍ የሚመጣውን ስህተት ግን መያዝ ይቻላል፦ በሽተኛው በንጹሕ የቀዶ ሕክምና ጨርቅ ከተሸፈነ በኋላ፣ አጥንቱ ከመቆረጡ በፊት፣ የምታውቁትን የአጥንት ነጥብ ደግማችሁ ንኩ።