ቡድናችሁን በአንድ ፖኬሞን ዙሪያ ስትገነቡ የምትሳሳቱት

ፖኬሞን የሚባሉ ፍጥረታትን በስድስት በስድስት ቡድን እያዋጋን የምንጫወተው የቪዲዮ ጌም ላይ ሁሉም ሰው አንድ የሚወደው ፖኬሞን አለው። የእኔ ጊያራዶስ ነው፤ ያ ትልቁ ሰማያዊ፣ ሁሌም የተቆጣ የሚመስለው። ውድድር መጫወት ስጀምር ዕቅዴ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር፦ አስገባ፣ አሸንፍ። «ድራጎን ዳንስ» የሚባለውን ሙቭ (በአንድ ተራ የሚታዘዘውን ድርጊት) ይጠቀማል፤ አታኩም (የመምታት ጉልበቱ) ስፒዱም (ፍጥነቱ) አንድ አንድ ደረጃ ያድግለታል። አንድ ደረጃ ማለት 1.5 እጥፍ ነው። ከዚያ በኋላ ከፊቱ የቆመውን ሁሉ ይጠርጋል። በሐሳብ ደረጃ ማለቴ ነው። ሜዳ ላይ ግን አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እየመጣ ያዋርደኝ ነበር። (ቀልድ አይደለም፣ ሮቶም ዋሽ ይባላል፣ እመለስበታለሁ።)

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሸንፌ ትንሽ ተምሬያለሁ። ጀማሪዎች ሲያወሩ ስሰማ ያኔ እኔ የማምንባቸው ነገሮች ቃል በቃል ይመለሱብኛል። ከታች የማነሳቸው ቁጥሮች ፖኬሞኖቹ ሌቭል 100 ላይ ሆነው ለሚያደርጉት ነጠላ ውጊያ (አንድ ለአንድ) ናቸው። ስለ ጥንድ ውጊያ ሳወራ እነግራችኋለሁ።

«ኮከቡ ይዋጋል፣ አምስቱ ያጅባሉ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ብዙ ሰው ኮከቡን፣ ማለትም ቡድኑ የሚገነባለትን ፖኬሞን፣ ይመርጥና የቀሩትን አምስት ቦታዎች በሚወዳቸው ሌሎች ፖኬሞኖች ይሞላል። ግን ቁጭ ብላችሁ ብትቆጥሩት ጊያራዶስ በአንድ ጨዋታ ውስጥ በትክክል የሚሠራው ሦስት ወይም አራት ተራ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ጨዋታ በሙሉ፣ ማለትም የእሱ ሰዓት እስኪደርስ ያለውን ግብግብ፣ አምስቱ ናቸው የሚጫወቱት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ የወዳጅ ዝርዝር ሳይሆን የጠላት ዝርዝር ነው። ወረቀት አውጡና ኮከባችሁን የሚያስቆሙትን በስም ጻፉ። የእኔን ላሳያችሁ።

አንደኛ፣ ስቴልዝ ሮክ። ተጋጣሚ እናንተ ሜዳ ላይ የሚበትነው ሹል ድንጋይ ነው፤ አዲስ ፖኬሞን በገባ ቁጥር ይወጋዋል። ድንጋይ የተለየ ጉዳት የማያደርስበት ፖኬሞን ከሙሉ ላይፉ 12.5 በመቶ ያጣል። ጊያራዶስ ግን ዓይነቱ ውሃና በራሪ ነው፣ በራሪ ደግሞ ድንጋይ አይችልም፣ ስለዚህ 25 በመቶ ይሄድበታል። ማንም ሳይነካው፣ በመግባትና በመውጣት ብቻ፣ አራተኛው ላይ ይሞታል ማለት ነው። ቮልካሮናን ለምትወዱ አዝናለሁ፤ የእናንተ 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ከአምስቱ አንዱ «ራፒድ ስፒን» ወይም «ዲፎግ» የሚችል ድንጋይ ጠራጊ ይሁን። አለዚያ ኮከቡ ራሱ ሄቪ ዲዩቲ ቡትስ ያድርግ። ጫማው እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣ ነው፤ ከድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል። ግን አንድ ፖኬሞን የሚይዘው ዕቃ አንድ ብቻ ስለሆነ ሌላ ነገር ትተዋላችሁ።

ሁለተኛ፣ ያ ማጠቢያ ማሽን። ሮቶም ዋሽ ኤሌክትሪክና ውሃ ነው። የውሃ ጥቃት በግማሽ ይቀንስበታል። በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ የመሬት ጥቃት ጭራሽ አይነካውም። እናንተ ስትደንሱ እሱ ያቃጥላችኋል፤ የተቃጠለ ፖኬሞን ደግሞ የአካል ጥቃቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ጭፈራው ሁሉ ገደል ገባ። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ጥቃት ጊያራዶስ ላይ ጉዳቱ አራት እጥፍ ነው። የሮቶም ዋሽ ድክመት አንድ ብቻ፣ ሣር ነው። ስለዚህ አንድ ጠንካራ የሣር ዓይነት ፖኬሞን ያስፈልጋችኋል። እንደ ጋርቾምፕ ያለ የመሬት ዓይነት ቢጨመርበት ደግሞ የተወረወረው ኤሌክትሪክ ሁሉ ባዶ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ስካርሞሪ። ብረት ለበስ ወፍ ነው፤ ጥቃታችሁን ችሎ ይቆምና በ«ዊርልዊንድ» ጠራርጎ ያስወጣችኋል። የወጣ ፖኬሞን ያሳደገው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ለእሱ ማግኔዞን አለ። «ማግኔት ፑል» የሚባል ችሎታ ያለው ማግኔዞን ፊት የቆመ የብረት ዓይነት ፖኬሞን በሌላ መቀየር አይችልም። ታግቶ በመብረቅ ይጨረሳል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ልክ አይደለም መሰለኝ።

አራተኛ፣ ክዋግሳየር። «አናዌር» የሚባል ችሎታ አለው፤ መቶ ጊዜ ብትደንሱ አያየውም፣ ጥቃታችሁን እንዳልደነሰ ሰው ጥቃት ይቆጥረዋል። ለእሱ ግን አጋር አያስፈልግም። ጊያራዶስ ራሱ «ፓወር ዊፕ» የሚያውቅበት የጨዋታው ትውልድ (እትም) ላይ ከሆናችሁ፣ ያ የሣር ጥቃት ክዋግሳየር ላይ አራት እጥፍ ነው።

እዩ እንግዲህ። ከአምስቱ ቦታ አራቱ ሳላስበው ሞላ። የመረጥኳቸው ስለምወዳቸው አይደለም፣ የጊያራዶስ ጠላቶች ናቸው የመረጡልኝ።

«ኮከብ የሚሆነው ከሁሉም ጠንካራው ነው»

እዚህ ጋ ሁለት ጎራ አለ፣ ሁለቱም ይሳሳታሉ። አንዱ ጎራ የቁጥር ድምሩ (የላይፉ፣ የአታኩ፣ የመከላከያው፣ የስፒዱ ወዘተ.) ከፍ ያለውን ብቻ ያነሳል። ሌላው ጎራ የፓቺሪሱን ታሪክ ይጠቅሳል።

ታሪኩን ለማታውቁ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የደቡብ ኮሪያው ሴጁን ፓርክ ፓቺሪሱ የምትባል ሽኮኮ መሳይ ፖኬሞን ይዞ አሸነፈ። የእሷ መሠረታዊ የቁጥር ድምር 405 ነው፣ የጊያራዶስ 540። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ «የምትወዱትን ብትጫወቱ ሻምፒዮን ትሆናላችሁ» የሚል ስብከት ተጀመረ።

ግን ቡድኑን በደንብ እዩት። ፓቺሪሱ ኮከብ አልነበረችም፣ ጠባቂ ነበረች። ጨዋታው ጥንድ ውጊያ ነው፣ ሁለት ለሁለት። «ፎሎው ሚ» ስትል ለጓደኛዋ የታለመው ጥቃት ወደ እሷ ይዞራል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ «ቮልት አብዞርብ» ስላላት ጭራሽ ትድንበታለች። ከጎኗ ኤሌክትሪክ የሚፈራ ማን ነበር? ጊያራዶስ። (አዎ፣ ይህን ሳውቅ ትንሽ ኮራሁ።) ሌሎቹ ሙቮቿንም ተመልከቱ። «ሱፐር ፋንግ» የተጋጣሚን የቀረ ላይፍ በግማሽ ይቆርጣል፣ «ነዝል» ሽባ ያደርጋል። አንዱም የእሷን ጉልበት አይጠይቅም። ድምሯ ዝቅ ማለቱ ለተሰጣት ሥራ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም ነበር።

ኮከብ ስትመርጡ የምትጠይቁት ሌላ ነው። አንድ ወይም ሁለት እንቅፋት ቢነሳለት ጨዋታውን ብቻውን መጨረስ ይችላል? ከቻለ ኮከብ ነው። ስድስት እንቅፋት የሚነሳለት ከሆነ የጠራጊው ሥራ ከኮከቡ ሥራ ይበልጣልና ሌላ ፈልጉ።

«252 አታክ፣ 252 ስፒድ፣ ጨረስኩ»

የማሠልጠኛ ነጥብ 510 አላችሁ፣ እንደ አታክ ወይም ስፒድ ላለ ለአንዱ ቁጥር ከ252 አይበልጥም፣ በየ4 ነጥቡ 1 ትጨምራላችሁ። ሁለቱን ሞልቶ መሄድ ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜም አያስወቅስም። ግን ለአንድ ፖኬሞን ብላችሁ ሙሉ ቡድን ገንብታችሁ የእሱን ቁጥር በግምት መሙላት አይገባኝም።

ስፒድ ማለት የሆነን ሰው መቅደም ነው፤ ማንን እንደምትቀድሙ ካላወቃችሁ ነጥቡ ባክኗል። ለምሳሌ መሠረታዊ ስፒዱ 100 የሆነ ፖኬሞን በሙሉ ሥልጠናና ስፒድ በሚጨምር ባሕርይ (ባሕርይ አንዱን ቁጥር ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል) የሚደርስበት ጣሪያ 328 ነው። ጊያራዶስ ስፒድ ላይ ምንም ሳታፈሱበት 198 አለው። 88 ነጥብ ብቻ ስጡት፣ 220 ይሆናል። አንዴ ሲደንስ 330። በሁለት በለጠ፣ በቂ ነው። አታክ ላይ 252 አድርጋችሁ የተረፈውን 168 ላይፍ ላይ ብታደርጉት ላይፉ ከ331 ወደ 373 ያድጋል። ያ 42 ስንት ጊዜ እንዳዳነኝ አልነግራችሁም።

የለም፣ እኔ ጆልቲዮን የሚባለውን ፈጣን የኤሌክትሪክ ፖኬሞን መቅደም እፈልጋለሁ ካላችሁ ያኔ ሒሳቡ ሌላ ነው። የጆልቲዮን ጣሪያ 394 ነው። አታክ የሚጨምር ባሕርይ ያለው ጊያራዶስ 252ቱን በሙሉ ስፒድ ላይ ቢያፈስ እንኳ ከጭፈራው በኋላ 391 ላይ ይቆማል። በሦስት ተበለጠ፣ በመብረቅ ተጠበሰ። ስፒድ የሚጨምር ባሕርይ ያለው ግን 430 ይደርሳል፤ ዋጋውም አታኩ ከ383 ወደ 349 መውረዱ ነው። የትኛው ይሻላል? ጆልቲዮን መሰሎች በምትጫወቱበት ደረጃ ብዙ ከሆኑ ሁለተኛው፣ ካልሆኑ የመጀመሪያው። ከዚህ የተለየ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ የእሱን ተጋጣሚዎች እያሰበ ነው።

«የዓይነት ሠንጠረዡን ከሸፈንኩ ችግር የለም»

18ቱን ዓይነቶች በወረቀት ላይ ማመጣጠን ያረካል፣ ገብቶኛል። ግን ሠንጠረዡ ላይ «ማቃጠል» የሚል ዓምድ የለም፣ «አናዌር» የሚል የለም፣ «ዊርልዊንድ» የሚል የለም። ክዋግሳየር ጊያራዶስን የሚያስቆመው ውሃና መሬት ስለሆነ አይደለም። ስም ጻፉ፣ ዓይነት አትጻፉ።

«ኮከቤ ከሞተ አለቀልኝ»

ይሄ ፍርሃት ከማንኛውም ተጋጣሚ በላይ ነጥብ ያስጥላል። ሰው ኮከቡን እንደ ዕንቁላል ይዞ ይዞ፣ ሌሎቹ አምስት አልቀው፣ መጨረሻ ላይ ብቻውን ያስገባዋል። ያኔ የመደነሻ ጊዜ የለም። ተጋጣሚ ሦስት አራት ፖኬሞን ቀርቶታል፣ እየተቀባበሉ ይጨርሱታል።

በጣም የምወደው ዘዴ ተቃራኒው ነው። ከጊያራዶስ ጋር ድራጎናይትን አስገቡ። እሱም ይደንሳል፣ እሱም በአካል ነው የሚመታ፣ ስካርሞሪ ሁለቱንም ያስቆማል። ድክመቱ እኮ አንድ ዓይነት ሆነ ትሉኛላችሁ፣ አዎ፣ ጥቅሙም እሱ ነው። ጊያራዶስ ገብቶ ስካርሞሪውን በደንብ አቁስሎ ቢሞት፣ ለድራጎናይት የሚቆም ግድግዳ አልቀረም። ኮከብ ያላችሁትን በመክፈል ሁለተኛውን ኮከብ ታደርጋላችሁ። ተጋጣሚ ደግሞ ጊያራዶስን ስለገደለ ደስ ብሎት ይዘናጋል።

«ዕቅዴ ከታወቀ ዋጋ የለውም»

ከአምስተኛው ትውልድ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ውጊያው ሳይጀመር የሁለቱም ስድስት ስድስት ፖኬሞን ይታያል። ስለዚህ ምስጢር የሚባል ነገር ድሮ ቀርቷል። ጥንድ ውጊያ ላይ ዶንዶዞ የሚባለውን ትልቅ ዓሣና ታትሱጊሪ የምትባለውን ትንሽ አጋሩን ውሰዱ። ታትሱጊሪ የዓሣውን አፍ ውስጥ ትገባለች፣ የዶንዶዞ አታክ፣ መከላከያ፣ ስፒድ፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ደረጃ ያድጋል፣ እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ዝርዝር ላይ ያየ ሕፃን እንኳ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። እያወቀም ይሸነፋል፣ ምክንያቱም «ሄዝ» (ያደገውን ሁሉ ዜሮ የሚያደርግ ሙቭ) ወይም ሌላ መድኃኒት ካልያዘ ማወቁ ምን ይጠቅመዋል?

ደግሞም ተጋጣሚ ጊያራዶስን ስላየ ሮቶሙን ለእሱ ብሎ ማስቀመጥ ይጀምራል። ያስቀመጠውን ፖኬሞን እንደልቡ አይጠቀምበትም። ጊያራዶስ ገና ሳይገባ አንድ ሰው ከሜዳ አስወጣ ማለት ነው።

«ዕቅዱ ጥሩ ነበር፣ ዕድል ነው ያበላሸው»

አንዳንዴ ልክ ነው። እያንዳንዱ ጥቃት ከ85 እስከ 100 በመቶ ባለው መካከል ከ16 ውጤቶች አንዱን ይጥላል፣ ክሪቲካል (ከተለመደው በላይ የሚጎዳ ምት) ደግሞ በአሁኖቹ ጨዋታዎች ከ24 አንዴ ይመጣል። ይደርሳል፣ ያናድዳል።

ግን እኔ አንድ ጊዜ በዕድል ተሸነፍኩ ያልኳቸውን አሥር ጨዋታዎች ሪፕሌያቸውን አየሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፣ ጊያራዶስ የገባበትን ተራ። በሰባቱ ላይ ሮቶሙ ጭረት እንኳ ሳይነካው ተጋጣሚ ኋላ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።